ከምርቃና በኋላ ያለው ሌሊት

ዛሬ ከሰዓት በጅማ መርካቶ በኩል ፌስታል ያንጠለጠለው ወጣት ብዛት! ሁሉም የሚጣደፈው ለትኩስ ቅጠል ነው፤ ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ጫቱ እየደረቀ ሲሄድ ይዳከማላ። በርጫው 8 ሰዓት ላይ ይጀመራል፣ አመሻሽ ላይ ያበቃል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ምርቃና እንቅልፍ ይነሳል። አንዱ ለጨብሲ (ምርቃናውን ለመስበር) ቢራ ወይም አረቄ ይደርብበታል፤ ሌላው ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ቲክቶክ ሲያይ ይነጋበታል። አልኮል ቶሎ ቢያስተኛም ሌሊቱን ያባንናል። ጠዋት ድብርትና ንጭንጭ፤ ማስታገሻ ተብሎ የሚፈለገው ደግሞ ያው ጫት (ወጥመድ ማለት ይሄ ነው)።

ጫት ሲቆም ብዙዎች የሚፈሩት ዱካክን ነው፣ ያ አንቆ የሚይዝ ቅዠት። ያስጨንቃል፣ ግን ያልፋል። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ግን መጠጡን ያለ ሐኪም በአንዴ አያቁም፤ ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል።

ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ወይም "እየተከታተሉኝ ነው" የሚል ካለ፣ "መጀመሪያ ጫቱን ይተው" እያሉ ማቆየት ስህተት ነው። የአእምሮ ሕመሙም የጫት ሱሱም አብረው ይታከማሉ።

ስልኩን? ቻርጀሩን ሳሎን ሰክቶ መተኛት። ራስጌ ካለ አይሆንም።