ጥላው ሲዞር ኪራዩ የማን ነው?

የዛሬ 4 ዓመት ገደማ አንዲት ልጅ ሁለት ባለ 100 ገጽ ደብተር ይዛ መጣች። ሳይንሳዊ ልብወለድ ነው። "መምህር፣ አንተ እንዲህ ዓይነት ነገር ታነባለህ ብለውኝ ነው" አለችኝ። እውነት ነው፣ አነባለሁ። ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ የድሬዳዋ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ሥር ባለች ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ስለ ሌላ ዓለም ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቷል። ደብተሮቹን ተቀብዬ በሳምንቱ መለስኩላት። በቀይ እስክሪብቶ 37 ስህተት ለቅሜ ነበር።

ታሪኩ የሚሆነው ከ100 ዓመት በኋላ፣ እዚሁ ድሬ ነው። ሙቀቱ ከመበርታቱ የተነሣ ቀን መሥራት አይቻልም። ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ለቅሶው ሳይቀር በሌሊት ነው። ቀን የግድ መንገድ የሚወጣ ሰው ጥላ ይከራያል። የዛፍ ጥላ፣ የግንብ ጥላ፣ የቆመ የባቡር ፉርጎ ጥላ። ባለታሪኳ የአንዲት ጥላ አከራይ የልጅ ልጅ ናት። መጨረሻ ላይ ሮኬት ተሳፍራ በ20 ደቂቃ ጨረቃ ትደርሳለች።

እኔ የያዝኩት ይቺን 20 ደቂቃ ነው። ጨረቃ በአማካይ 384 ሺህ ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በ20 ደቂቃ ለመድረስ በሰከንድ 320 ኪሎ ሜትር መጓዝ ያስፈልጋል። ግማሹን መንገድ እየፈጠኑ፣ ግማሹን እየቀነሱ ቢሄዱ የተሳፋሪዋ ክብደት ከ100 እጥፍ በላይ ይሆናል። ይህን ሁሉ በገጹ ጠርዝ ላይ አስልቼ ጻፍኩላት። ልጅቷ አንድ በአንድ አየችው። "እሺ፣ አመሰግናለሁ" ብላ ደብተሮቿን በፌስታል ጠቅልላ ሄደች። ከዚያ በኋላ ለወራት አላየኋትም።

ከሻይ ቤቱ ደንበኞች አንዱ የድሮው ምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፣ ግን ድሬ ነውና አንተ ነው የምንለው። አንድ ቀን ስለዚያ ደብተር አጫወትኩት። የሮኬቱን ነገር እስክጨርስ ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ከዚያ የሻይ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገና፣ "አቦ እሱን ተወው። ጥላው ሲዞርስ?" አለኝ።

"እንዴት ሲዞር?"

"ጠዋት የኔ ግንብ ጥላ መንገዱን ተሻግሮ ያንተ ደጅ ላይ ይወድቃል። ከሰዓት ደግሞ ያንተው እኔ ደጅ ይመጣል። ኪራዩ የማን ነው? የባለግንቡ ነው የባለደጁ?"

መልስ አልነበረኝም። ቤት ስገባ ግን አላስተኛ አለኝ። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ናት። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ፣ ፀሐይ በቀትር ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች። ያን ሰዓት ግንብ ጥላ የለውም። በዚያች ልጅ ከተማ ውስጥ እነዚያ ቀናት ምን ዓይነት ቀናት ናቸው? አከራዮቹ ምን ይበላሉ? ተከራዮቹስ ይጾማሉ፣ ይጸልያሉ ወይስ ቤት ዘግተው ይውላሉ? የልቦለዱ ፊዚክስ እዚያ፣ ግንቡ ሥር ነበር። እኔ ሮኬቱ ላይ ስፈልገው አለፈኝ።

ልጅቷን አፈላልጌ ይቅርታ ጠየቅኳት። የማነብበትንም መንገድ ከዚያ ወዲህ ቀየርኩ።

መጀመሪያ ያደረግኩት የድሮ መጽሐፎችን እንደገና ማየት ነው። ፈረንሳዊው ደራሲ ዡል ቬርን እ.ኤ.አ. በ1865 ባወጣው ልቦለድ ሦስት ሰዎችን በመድፍ ወደ ጨረቃ ተኩሷል። የመድፉ ርዝመት 900 ጫማ፣ ወደ 274 ሜትር ነው። በዚያች ርቀት በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ለመድረስ የሰውየው ክብደት ከ20 ሺህ እጥፍ በላይ መሆን አለበት። 60 ኪሎ የነበረ ሰው ከ1,000 ቶን በላይ ይሆናል ማለት ነው፤ ገና ከመድፉ አፍ ሳይወጣ ያልቃል። የልጅቷ ስህተት ከዚህ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ታዲያ ቬርን እስከ ዛሬ የሚነበበው ለምንድን ነው? ሒሳቡን ስለሚያወራርድ ይመስለኛል። ብረቱ ስንት ነው፣ ገንዘቡ ከየት ይዋጣል፣ መድፉ የት ይተከላል እያለ ይጨቃጨቃል። ቦታውን ሲመርጥ ፍሎሪዳን መረጠ። ከ104 ዓመት በኋላ አፖሎ 11 የተነሣችውም ከፍሎሪዳ ነው። ትንቢት ነው ብዬ አላደንቀውም። ለጨረቃ ከየትኛው የምድር ክፍል መነሣት ይሻላል ብሎ በቁም ነገር አስቧል፣ እሱን ነው የማደንቀው።

አሁን አንድ መጽሐፍ ሳነሣ የመጀመሪያውን ንባብ ያለ እስክሪብቶ ነው የማደርገው። ይሄ ለእኔ ከባድ ነው፣ እጄ ይበላኛል። ሲያልቅ መጽሐፉን ዘግቼ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፦ ደራሲው ከምናውቀው ዓለም ምኑን ቀየረው? ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃተኝ አብዛኛውን ጊዜ ደራሲውም አልለየውም። በሁለተኛው ንባብ እርሳስ ይዤ ያ ለውጥ እስከ የት እንደወረደ እከታተላለሁ። ማሽኑ ጋ ብቻ ቀርቷል ወይስ እስከ ማጀት፣ እስከ ሰላምታ፣ እስከ እርግማን ደርሷል?

ለዚህ የማውቀው ትልቁ ምሳሌ የፍራንክ ኸርበርት "ዱን" ነው። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ከእኛው "ፍቅር እስከ መቃብር" ጋር የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። ዓለሙ በረሃ ነው፣ ውሃ የለም። የተቀየረው ይሄ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ግን የበረሃው ሰዎች መሪ ከእንግዳው መስፍን ፊት ቀርቦ ጠረጴዛው ላይ ምራቁን ይተፋል። የመስፍኑ ሰዎች በቁጣ ይነሣሉ። ልማዱን የሚያውቀው አንዱ ያስቆማቸዋል፤ ሰውየው የገላውን ውሃ መስጠቱ ነው፣ ክብር ነው። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። አያቴ እንትፍ እንትፍ እያለች መርቃኛለች። ምራቅ ስድብም ምርቃትም መሆኑን እኛ ከልጅነታችን እናውቀዋለን። ጀሪካን ደርድሮ ውሃ የጠበቀ፣ የማንቆርቆሪያውን ነጭ ቅርፊት ፍቆ ሻይ ያፈላ የድሬ ሰው ደግሞ ያቺን አንዲት ገጽ ያለ ማብራሪያ ይረዳታል። ውሃ ብርቅ ነው ብሎ መናገር ቀላል ነው። ኸርበርት እስከ ምራቁ አወረደው።

ሦስተኛው ፈተናዬ መተረክ ነው። መጽሐፉን ለሻይ ቤቱ ሰዎች በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። የታሪኩ አጥንት በዚያ ይታወቃል፤ ሰው ስልኩን ካወጣ አልሆነም። አንድ ጊዜ ግን ቋንቋው ራሱ አስቸገረኝ። የኡርሱላ ለ ጉዊን የ1969 (እ.ኤ.አ.) ልብወለድ ነው፣ "የጨለማ ግራ እጅ"። በዚያ የበረዶ ዓለም ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ወንድም ሴትም አይደሉም። ደራሲዋ ሁሉንም በእንግሊዝኛው የወንድ ተውላጠ ስም ጠርታ ተተችታበታለች፤ በኋላ እሷም ሐሳቧን ከልሳለች። እንግሊዝኛ ግን ቢያንስ ግሱ ጾታ የለውም። እኔ "ከዚያ ተነሥቶ..." ካልኩ ወንድ አደረግኩት፣ "ተነሥታ..." ካልኩ ሴት። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ።

ጡረተኛው ነው ያወጣኝ። "አንቱ በላቸዋ" አለ።

እውነትም፣ አንቱታ ጾታ የለውም። ተነሡ፣ ሄዱ፣ አሉ። እንደዚያ ተረኩላቸው። ስደተኛውም ንጉሡም "እሳቸው" ሆኑ፣ ጭነት የሚያወርደውም "እሳቸው"። እኛ ድሬዎች አንቱ ማለት ብዙም አይሆንልንም፣ ስለዚህ ለጆሯችን እንግዳ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን ሁሉም ጸጥ ብሎ ያዳምጥ ጀመር። በረዶው ላይ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ሲጓዙ፣ በአንድ ድንኳን ሲያድሩ፣ በአንቱታው ውስጥ መተሳሰባቸው ጎልቶ ወጣ። መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ሳነብ ያላየሁትን ያን ምሽት አየሁት። ትርጉም የምትሞክሩ ካላችሁ ይቺን መንገድ ሞክሯት፤ ጉድለት አላት፣ ሕፃኑም ሌባውም ስለሚከበር የማዕረግ ልዩነት ይጠፋል።

ታዲያ የሳይንስ ስህተት ግድ አይሰጠኝም ማለት አይደለም። ይሰጠኛል። አሁን የምለየው ደራሲው አውቆ የጣሰውን ሳያውቅ ከሳተው ነው። የአንዲ ዊየር "ዘ ማርሺያን" በማርስ ላይ በሚነሣ ኃይለኛ ማዕበል ይጀምራል። የማርስ አየር ግን ከእኛ አየር በ60 እጥፍ ገደማ የሳሳ ነው። እዚያ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሰው ላይ የሚያሳርፈው ግፊት እዚህ 20 ኪሎ ሜትር ከሚነፍሰው አይበልጥም፤ በከተማችን በደቻቱ ወንዝ ዳር አቧራ ከሚያስነሣው የከሰዓት ነፋስ አይለይም ማለት ነው። ደራሲው ይህን እንደሚያውቅ ራሱ ተናግሯል። ባለታሪኩን ማርስ ላይ ብቻውን ለማስቀረት አንድ ውሸት ፈለገ፣ ተጠቀመባት፣ ከዚያ በኋላ ሰውየው የሚኖርበትን ድንቹንም ውሃውንም በጥንቃቄ ቆጠረ። አንዲት ውሸት መግቢያ ላይ እፈቅዳለሁ። መውጫ ላይ፣ ችግር ለመፍታት የምትመጣዋን ግን አልፈቅድም። የልጅቷ ሮኬት ጥፋትም እሱ ነበር። ፍጥነቱ አይደለም፤ ባለታሪኳን ከጥላው ጭቅጭቅ ሊያስመልጣት ነው የመጣው። ይህን ያኔ ብነግራት ኖሮ 37 ምልክት አያስፈልገኝም ነበር።

ለጀማሪ ጸሐፊ አስተያየት ስሰጥ አሁን ስህተት በመልቀም አልጀምርም። በጥያቄ ነው የምጀምረው፤ ጥያቄውም ከታሪኩ ዓለም የሚነሣ መሆን አለበት። አንድ ጸሐፊ በጻፈው ከተማ ጎርፍ ካለ፣ ውሃው ከየት ተነሣ እላለሁ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ የዘነበው ከላይ፣ ደጋው ላይ ነው። ከታች ያለው ሰው ተኝቷል። ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ የወደፊቱን ጎርፍ ሲጽፍ ማስጠንቀቂያው ከየት እንደሚመጣ ማሰቡ አይቀርም።

የልጅቷ ሁለተኛ ረቂቅ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። በኮምፒውተር ተጽፏል፣ 260 ገጽ ነው። ሮኬቱ የለም። ጥላ የማይኖርባቸው ሁለቱ ቀናት ስም ወጥቶላቸዋል፣ "ባዶ ቀትር" ይባላሉ። በባዶ ቀትር ዕዳ አይጠየቅም፣ አከራይና ተከራይ አንድ ቤት ገብተው አብረው ይበላሉ። የኪራዩን ጉዳይ ደግሞ ለሽማግሌዎች ሰጥታዋለች፤ ከቀትር በፊት የባለግንቡ፣ ከቀትር በኋላ የባለደጁ ብለው ይፈርዳሉ። ጡረተኛው ፍርዱን አልተቀበለውም። ግንቡን ያሠራው ሰው ሁለቱንም መውሰድ አለበት ይላል። ትናንት ማታ ድረስ ሻይ ቤቱ በዚህ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ እኔ ገና ገጽ 70 ላይ ስለሆንኩ ማንም መጨረሻውን እንዳይነግረኝ ጆሮዬን ይዤ ነው የወጣሁት።