የማስታወቂያ ልጆች፦ አንዱ አንጀት ይበላል፣ ሌላው ያበሽቃል

የስድስት ዓመት ልጅ ስለ ወለድ ሲያብራራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ፤ ቴሌቪዥን ላይ፣ የባንክ ማስታወቂያ ውስጥ። ክራቫት አስረውለታል። ፀጉሩን በቅባት አስተኝተውለታል። እጁን እያወናጨፈ «አስተማማኝ»፣ «ዘመኑን የዋጀ»፣ «በሁሉም ቅርንጫፎቻችን» ይላል። መጨረሻ ላይ አንድ ዓይኑን ይጠቅሳል፣ ከዚያ ሙዚቃው ይገባል። ልጁ እኮ ሲያዩት የሚያሳሳ ነው። ሰፈር ውስጥ ባገኘው ጉንጩን ሳልስም አላልፍም። ማስታወቂያው ሲመጣ ግን እጄ ሪሞት ፍለጋ ይሄዳል።

ለምን እንደዚህ እንደሚያበሽቀኝ ብዙ አስቤበታለሁ፤ ልጅ ስለምወድ በልጅ መናደድ ደስ አይለኝም። ከልጁ ጋር ጸብ የለኝም። ጸቤ ጽሑፉን ከጻፈለት፣ «እንዲህ በል» ካለው፣ ዓይኑን እንዲጠቅስ ካስተማረው ትልቅ ሰው ጋር ነው። ልጅ ስለ ወለድ አያውቅም፣ በዚያ ዕድሜው ማወቅም የለበትም። የማያውቀውን ነገር በአፉ አጉርሰውት ሲናገር ልጅነቱ ይጠፋል፣ እኛም የምንሰማው የአለቆቹን ንግግር ብቻ ነው።

ዩቲዩብ ላይ የድሮ ማስታወቂያ መፈለግ እወዳለሁ። በተለይ የአሜሪካኖቹን። ይሄን ሥራ ከእኛ ብዙ ዓመት ቀድመው ስለጀመሩት ጥሩውም መጥፎውም እነሱ ጋ ሞልቷል። እና እየቆየሁ አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ አንጀቴን የሚበሉት ልጆች አብዛኞቹ አይናገሩም።

ማይኪን እዩት። እ.ኤ.አ. በ1972 ላይፍ ለሚባል የቁርስ ሲሪያል የተሠራ ማስታወቂያ ነው። ሦስት ወንድማማቾች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ትልልቆቹ ሳህኑን ይገፋፋሉ። ለጤና ጥሩ ነው ስለተባለ ማናቸውም መቅመስ አልፈለጉም፤ አንተ ብላ፣ አይ አንተ ብላ። በመጨረሻ ወደ ትንሹ፣ ወደ ማይኪ ይገፉታል። ማይኪ ምንም ነገር ስለማይወድ እሱም አይበላውም ብለው እርግጠኛ ናቸው። ማይኪ ሳህኑን ያያል። ማንኪያውን ያነሳል። ይበላል፣ ደግሞ ይበላል፣ ቀና ሳይል ይበላል። ወንድሞቹ ዓይናቸውን ማመን ያቅታቸውና «ወደደው!» ብለው ይጮኻሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ማይኪ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

የልጁ የእውነት ስሙ ጆን ጊልክሪስት ነው፤ ያኔ ገና ሕፃን ነበር። አብረውት የተቀመጡትም የእውነት ወንድሞቹ ናቸው። እኔ ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ወንድማማቾችን ሳህን መገፋፋት ማንም ማስተማር አያስፈልገውም። ጎመን በቀረበ ቁጥር በየቤታችን የምናየው ነው፣ ትልቁ «ለሱ ስጪው» ይላል፣ ትንሹ ምን እንደመጣበት ሳያውቅ ይጎርሳል። ማስታወቂያው ከአሥር ዓመት በላይ ታየ። ሰው ልጁን ከማወቁ የተነሳ «ማይኪ አፍ ውስጥ የሚፈነዳ ከረሜላ ከለስላሳ ጋር ወስዶ ሞተ» የሚል ወሬ ተነስቶ አሜሪካንን ለዓመታት ሲዞር ኖረ። ውሸት ነው። ጆን በሰላም አድጎ ቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ የማስታወቂያ ሽያጭ ሠራተኛ ሆነ፣ ይሄን ሳነብ በጣም ደስ ብሎኛል።

ሌላው የምወደው ልጅ ፊቱ እንኳ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2011 የመኪና አምራቹ ቮልስዋገን ለሱፐር ቦውል፣ ለአሜሪካን ፉትቦል የዋንጫ ጨዋታ ብሎ የሠራው ነው። አንድ ትንሽ ልጅ የስታር ዋርስ ፊልሙን ክፉ ሰው፣ የዳርዝ ቬደርን ጥቁር ካባና ጭንብል ለብሶ ቤት ውስጥ ይዞራል። እጁን ዘርግቶ እንደ ፊልሙ ዕቃዎችን ሳይነካ ሊያንቀሳቅስ ይሞክራል። የስፖርት ብስክሌቱን ያዘዋል፣ እንቢ። ውሻውን ያዘዋል፣ ውሻው ቀና ብሎ ያየዋል እንጂ ምንም የለም። ልብስ ማጠቢያውን፣ አሻንጉሊቷን፣ እንቢ እንቢ። ትከሻው ይወድቃል። ፊቱን ሳናይ ማዘኑን በትከሻው ብቻ እናውቃለን። ከዚያ አባቱ ከሥራ ይገባል፣ ልጁ ሮጦ ይወጣና መኪናው ፊት ቆሞ እጁን ይዘረጋል። መኪናው ይነሳል! ልጁ ደንግጦ ወደ ኋላ ይላል። አባትየው ወጥ ቤት ሆኖ በሪሞት ነበር ያስነሳው። እኔ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አሁንም ልጁ ሲደነግጥ ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

ጭንብሉ ውስጥ የነበረው ማክስ ፔጅ የሚባል ልጅ ነው፣ ያኔ ስድስት ዓመቱ። ፊልሙን አይቶት አያውቅም ነበር። ማክስ ሲወለድ ጀምሮ የልብ ሕመም አለበት፣ ልቡ የሚሠራው በተገጠመለት መሣሪያ እየታገዘ ነው፣ ከማስታወቂያው በኋላም እ.ኤ.አ. በ2012 የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ዝነኛ ሲሆን ዝናውን ለሕፃናት ሆስፒታሎች ለመናገር ተጠቀመበት። በራሱ ጉዳይ ሲናገር እንዴት እንደሚያምርበት! ያኔ የሚያወራው የሚያውቀውን ነው።

ስለ ልጅ ፊት አንድ ነገር ልበል። ኮንራድ ሎሬንዝ የሚባል የኦስትሪያ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1943 ትልቅ ግንባር፣ ትልልቅ ዓይን፣ ክብ ጉንጭ ስናይ የመንከባከብ ስሜታችን በራሱ እንደሚነሳ ጽፏል። ማስታወቂያ ሠሪዎች ይሄንን በልምድ ያውቁታል። ለዚህ ነው ከዳይፐር አልፎ ለቀለም፣ ለሪል እስቴት፣ ለጎማ ሁሉ ልጅ የሚያመጡት። ፊቱ ብቻውን ግን አይበቃም።

ማስረጃዬ የፔፕሲዋ ልጅ ናት። ሃሊ አይዘንበርግ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ፀጉሯ ጥቅልል ያለ፣ ጉንጯ ስርጉድ የሚል፣ ለዓይን የምታሳሳ ልጅ። አፏን ስትከፍት ግን የሚወጣው የትልቅ ሰው ድምፅ ነው። አንዴ እንደ ማፊያ አለቃ ወፍራም ድምፅ አስገቡላት፣ አንዴ የዘፋኟን የአሬታ ፍራንክሊንን ድምፅ አስገቡላት። መጀመሪያ ሲያዩት ያስቃል። ደጋግሞ ሲመጣ ግን ብዙ አሜሪካዊ ልጅቷን ጠላት። ሚስኪን፣ እሷ ምን አጠፋች? ድምፁ እንኳ የሷ አይደለም።

ልጅ ከነጭራሹ አይናገር እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ኤቲ ኤንድ ቲ የስልክ ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ያሳያቸው ማስታወቂያዎች ልጆች በማውራት የተሞሉ ናቸው፣ እና ግሩም ናቸው። ቤክ ቤኔት የሚባለው ኮሜዲያን ሱፉን ለብሶ ትንንሽ ልጆች መሃል ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። «የቱ ይሻላል፣ ፈጣን ወይስ ቀርፋፋ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጆቹ የመጣላቸውን ይመልሳሉ፣ አንዷ ጀምራ መውጫው ይጠፋባታል፣ እሱ ቀጥ ብሎ በቁም ነገር ያዳምጣታል። ሳያቋርጣት። አብዛኛው ያልተጻፈ ወሬ ነው። ትልቁ ሰው ጠያቂ፣ ልጁ ተናጋሪ፣ እያንዳንዱ በራሱ አፍ።

ወደ እኛ ቤት ስመጣ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ልጅን ቴሌቪዥን ላይ በክብር ማቅረብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሳህሉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና በ2009 ነው ያረፉት) ልጆችን ዙሪያቸው አስቀምጠው ተረት ሲያወሩ እነዚያ ልጆች ማንንም አይመስሉም ነበር፣ ራሳቸውን ነበር። ያፍራሉ፣ ካሜራውን ሰረቅ አድርገው ያያሉ፣ ተረቱ ሲያስፈራ ይፈራሉ። «የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» ሲሏቸው አዋቂ ሁኑ አላሏቸውም።

አሁን የምናያቸው ማስታወቂያዎች ላይ ግን ልጅ ይጮኻል። ለምን እንደሚጮኽ አላውቅም፤ ብስኩት ላይም ይጮኻል፣ ሳሙና ላይም ይጮኻል። ወይ ደግሞ አፉ ሲንቀሳቀስ የምንሰማው ልጅ መስላ የምታወራ የትልቅ ሴት ድምፅ ነው፣ ያቺ የተሞላቀቀች ቅጥነት ያላት፣ ጆሮ የምትበሳ። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ሀበሻ ቀሚስ የለበሱ ሴት ልጆች አደይ ይዘው ይመጣሉ፣ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል፣ ከዚያ ግጥሙ መሃል የድርጅቱ ስም ይገባና ሁሉም ነገር ይበላሻል። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን ካስወጣው ወዲህ ቤተሰብና ልጅ ስክሪኑን የያዙት ይመስለኛል። ጥሩ ነው፣ ከቢራው ልጆቹ ይሻሉኛል። ግን ቦታውን ካገኙ አይቀር እንደ ልጅ ይታዩ።

የእህቴ ልጅ አንድ ጊዜ ለብስኩት ማስታወቂያ ተመርጣ ነበር። አምስት ዓመቷ ነው። አብሬያቸው ሄድኩ። ጠዋት ገባን፣ መብራት ሲስተካከል፣ ሌላ ሰው ሲጠበቅ፣ ተራዋ ሲደርስ ከሰዓት ሆኗል፣ እንቅልፏ መጥቷል። ብስኩቱን ገምጣ «እምምም፣ ጣፋጭ እና ገንቢ!» ማለት ነበረባት። «ገንቢ» አልመጣ አላት። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደለም፣ «ሚጣዬ፣ የኔ ቆንጆ፣ አንዴ ብቻ እንደገና» ይላታል። እንደገና ብስኩት፣ እንደገና «እምምም»። ውጭ አገር ልጆች ሲቀረጹ የጎረሱትን መልሰው የሚተፉበት ዕቃ ጎን ይቀመጥላቸዋል፤ እዚያ ግን ይሄን ያሰበ አልነበረም፣ ልጅቷ ሁሉንም ዋጠችው። በመጨረሻ ዳይሬክተሩን ቀና ብላ አይታ ቀስ ብላ «ጋሼ፣ ጠገብኩ» አለችው።

እኔ ዳይሬክተሩን ብሆን ማስታወቂያዬ እሱ ነበር። እሷ ፍርፋሪ ጉንጯ ላይ ተለጥፎ «ጋሼ ጠገብኩ» ስትል ያላየ ሰው ምን እንደምል አይገባውም። ካሜራው ግን ጠፍቶ ነበር። የወጣው ማስታወቂያ ላይ «ጣፋጭ እና ገንቢ» የሚለው የሌላ ሰው ድምፅ ነው።

ደግሞ የሰዓቱ ነገር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፣ ከ15 እስከ 18 ያሉትን ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት አይቻልም ይላል። የአምስት ዓመት ልጅ ስቱዲዮ ስትውል ግን «ሥራ» የሚላት የለም፣ «ጨዋታ ነው» ይባላል፣ ውሉም ክፍያውም በአፍ ያልቃል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ15 ቀን እስከ 6 ወር ያለ ሕፃን ቀረጻ ቦታ በቀን ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት አይችልም፣ ካሜራ ፊት ደግሞ ከ20 ደቂቃ በላይ አይሠራም። አንድ ሕፃን ለመቅረጽ መንታ የሚፈልጉት ለዚህ ነው፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይገባል።

የልጁን ገንዘብ የሚጠብቅ ሕግም አላቸው፤ እሱም ከሰማይ አልወረደም። ጃኪ ኩገን የሚባል ልጅ እ.ኤ.አ. በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር ፊልም ሠርቶ ዓለም ያወቀው ልጅ ነበር። ሚሊዮኖች ዶላር አገኘ። አድጎ ገንዘቤ የት አለ ሲል እናቱና እንጀራ አባቱ ጨርሰውታል። በ1938 ከሰሳቸው፣ በመጨረሻ የደረሰው 126 ሺህ ዶላር ብቻ ነው። በማግሥቱ ዓመት በ1939 ካሊፎርኒያ ሕግ አወጣች፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ሕግ ልጁ ካገኘው ላይ 15 በመቶው እስኪያድግ በማይነካ ሂሳብ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። እኛም ጋ ባንኮች የልጆች ቁጠባ ሂሳብ አላቸው። ያ ክራቫት ያሰሩለት ልጅ ስለ ወለድ ካወራበት ክፍያ ላይ በራሱ ስም ስንት እንደተቀመጠለት ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

እህቴ ለልጅቷ የተከፈለውን ሙሉውን በልጅቷ ስም አስገብታዋለች። በቅርቡ ደግሞ ለሌላ ማስታወቂያ ደውለውላት ነበር። ሦስት ነገር ጠየቀቻቸው፦ ስንት ሰዓት ትቆያለች፣ የምትለውን ቀድሜ ማየት እችላለሁ ወይ፣ ስትደክም ማቆም ይቻላል ወይ። «መልሰን እንደውላለን» አሏት። እስካሁን አልደወሉም፣ እህቴም አልጠበቀችም።