ያልተነፋ ዱቄት፣ የተነፋ ፒታ

ዛሬ ዓርብ ነው፤ ሰንበት ሳይገባ ለሳምንቱ የሚሆነንን ፒታ፣ ማለትም መሐሉ እንደ ኪስ የሚከፈተውን ክብ ቂጣ፣ ጋግሬ ጨርሻለሁ። እዚህ በደቡብ እስራኤል፣ ቤር ሼቫ ከተማ ውስጥ ለፒታ ብሎ ምድጃ የሚያሞቅ ሰው ብዙ አይገኝም፤ በየሱቁ በላስቲክ ታሽጎ፣ አንዳንዴም ገና ትኩስ ሆኖ ይሸጣል። እኔ ወደ ቤት ፒታ የዞርኩት በእናቴ የስኳር ሕመም ምክንያት ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ዱቄቱ ከነፉርሽካው የተፈጨ እንዲሆን፣ አንዱ ፒታም ከ60 ግራም እንዳይበልጥ አዘዘችን። የሱቁ ፒታ አንዱ 100 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ቡናማ መልክ ያለው ሁሉም ሙሉ ስንዴ ነው ማለት አይደለም፤ በብቅል ወይም በሞላሰስ የጠቆረ ነጭ ዱቄትም ሊሆን ይችላል።

ትእዛዙን ለእናቴ ስነግራት አልተቀበለችውም። እርሷ ባደገችበት በጎንደር ገጠር ለሰንበት ዳቦ የሚሆነው ስንዴ ተበጥሮና ተለቅሞ ከተፈጨ በኋላ በወንፊት ይነፋል፤ የሴት ልጅ ሙያም በዱቄቱ ልስላሴ ይታያል። «ልጄ፣ ፉርሽካ እኮ የላም ቀለብ ነው፤ እኔ ላም ነኝ?» አለችኝ። የምመልስላት አላጣሁም፤ ከስንዴው ፍሬ ክብደት 14 በመቶ ገደማ የሚሆነው ልባሱ (ፉርሽካው)፣ 3 በመቶ ገደማ የሚሆነው ደግሞ የሚበቅለው ፅንሱ ሲሆን፣ ፋይበሩም፣ ብረቱም፣ አብዛኛው ቫይታሚኑም ያለው በእነዚሁ ውስጥ ነው። ወንፊቱ የሚያስቀረው እንግዲህ ይህንን ነው። ሆኖም እውነቱን ለመናገር፣ በደቃቁ የተፈጨ ሙሉ ስንዴ የደም ስኳርን ከፍ በማድረግ ረገድ ከነጩ ብዙም የተለየ አይደለም፤ ስለዚህ ከሁለቱ ትእዛዞች ይበልጥ የምጠብቀው የሚዛኑን ነው።

ሙሉ ስንዴ ፒታ አይነፋም፣ ኪስ አይሠራም የሚል አስተያየት ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ግማሹን በነጭ ዱቄት ቀይጪው የሚለው ምክርም ከዚሁ የመጣ ነው። እኔ ምክሩን አልቀበለውም። ነጩ ዱቄት ወዲያው ውሃውን ጠጥቶ ሲለጠጥ፣ ፉርሽካ ግን የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው፤ ሳይርስ ከታሸ ደግሞ ስለታም ጠርዙ ሊጡን አያይዞ የሚይዘውን ክር ይበጣጥሰዋል። ስለዚህ ለ500 ግራም ዱቄት 370 ሚሊ ሊትር ውሃ እለካለሁ፤ ከውሃው ጥቂት ለእርሾው አስቀርቼ፣ የቀረውን ከዱቄቱ ጋር አደባልቄ፣ ሳላሸው ለ30 ደቂቃ ከድኜ እተወዋለሁ። ከዚያ በኋላ በለብታ ውሃ የሟሟ 5 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 9 ግራም ጨውና አንድ ማንኪያ የወይራ ዘይት ጨምሬ ለ10 ደቂቃ ያህል አሸዋለሁ። ሊጡ መጀመሪያ ላይ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ በዚህ ጊዜ ዱቄት መነስነስ ያምራል፤ ነገር ግን ፒታውን የሚያደርቀውና ኪሱን የሚያሳጣው ከሁሉም በላይ ይኸው የተጨመረ ዱቄት ስለሆነ፣ እጅን ውሃ እያስነኩ ማሸት ይሻላል። በበጋ ይህ ሊጥ በአንድ ሰዓት ውስጥ ኩፍ ይላል፤ በክረምት ግን እስከ ሁለት ሰዓት ሊያስጠብቅ ይችላል።

(ኻላ መለየትን፣ ማለትም ከሊጡ ላይ ቁራሽ ለይቶ የማስቀረትን የአይሁድ ሥርዓት በተመለከተ፣ ግዴታው የሚጀምረው ከ1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ዱቄት ጀምሮ ስለሆነ የእኔ ሊጥ አይደርስበትም፤ እናቴ ግን ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች።)

ከዚህ ሊጥ 60 ግራም የሚመዝኑ 15 ድብልብሎች ይወጣሉ። እያንዳንዱን ወደ 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ወደ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ዳምጬ እርጥብ ጨርቅ አለብሰዋለሁ፤ ፊቱ ከደረቀ ወይም አንድ ጎኑ ከሳሳ እንፋሎቱ በዚያ ያመልጣል። ፒታን የሚነፋው እርሾው ሳይሆን እንፋሎቱ ነውና፤ ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 1,700 እጥፍ ገደማ ስፋት ይይዛል፤ ከላይና ከታች ያለው ገጽ በፍጥነት ሲጸና ያ እንፋሎት መውጫ አጥቶ መሐሉን ለሁለት ይከፍለዋል። ይህ እንዲሆን ምድጃው 250 ዲግሪ መድረስ፣ ፒታው የሚያርፍበት ብረትም አብሮ ለግማሽ ሰዓት መጋል አለበት። በ3 ወይም በ4 ደቂቃ ውስጥ ያልተነፋ ፒታ ከዚያ በኋላ ቢቆይም አይነፋም፤ ይደርቃል እንጂ። በአካባቢያችን የሚኖሩት ቤዱዊኖች (የበረሃ ዐረቦች) ሳጅ በሚባለው ጎባጣ ብረት ላይ የሚጋግሩት ስስ ቂጣ ኪስ ስለሌለው ይህ ሁሉ ጣጣ አይነካቸውም፤ አንዳንድ ዓርብ እቀናባቸዋለሁ።

የተረፈውን ፒታ እንደበረደ ፍሪዘር ውስጥ አስገባለሁ፤ ተራው የማቀዝቀዣ ክፍል ከጠረጴዛ ይልቅ ፈጥኖ ያደርቀዋል። ዱቄቱም ቢሆን ከፅንሱ የሚወጣ ዘይት ስላለበት በዚህ በኔጌቭ በረሃ ሙቀት በቁም ሳጥን ውስጥ ቶሎ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ነቀዝም ይገባበታል፤ ስለዚህ እርሱም ቦታው እዚያው ፍሪዘር ነው። ዛሬ ከወጡት መካከል ሦስቱ አልተነፉም፤ ሦስቱንም እናቴ ቀድማ ለይታ ወስዳለች። ለነገ ጠዋት በርበሬና ጥቂት ዘይት አድርጋ ልትፈረፍራቸው ነው፤ ከነኪሳቸው ያሉትን ደግሞ ለእኔና ለልጆቹ ትታቸዋለች።