የአደን ጥይት ዝልቀት፦ በራስ አቅም በመለካት እስካሁን የደረስንበት

የዝልቀት ሙከራ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሴንቲሜትር ገባ?» ብሎ ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርም። አረሩ (ከጥይቱ ተለይቶ የሚበረው ክፍል) ሲመታ የነበረው ፍጥነት፣ ተፈልፍሎ ሲወጣ የቀረው ክብደት እና የተከፈተው ስፋት አብረው ካልተጻፉ ሁለት ጥይቶችን ማወዳደር አይቻልም።

በቀላሉ የሚጀመረው በውሃ ነው። አራት ማዕዘን የሆኑ፣ ውፍረታቸው 15 ሴ.ሜ. ገደማ የሆነ ጀሪካኖች እስከ አፋቸው ተሞልተው ይከደኑና በጣውላ ገንዳ ውስጥ ያለ ክፍተት በአንድ መስመር ይደረደራሉ። ለ.308 (የተለመደ የአደን ጠመንጃ ጥይት ነው) ስምንት ያህል ያስፈልጋል። ክብ ጀሪካን አይሆንም፤ ጥምዝ ጎኑ አረሩን ከመስመር ያወጣዋል። የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለቱ በግፊቱ ይፈነዳሉ፣ አረሩ ከኋለኞቹ በአንዱ ውስጥ ይገኛል። ውሃ አረርን አጥብቆ ይከፍታል፤ ፍጥነቱ ከቀነሰ በኋላ ግን የሚይዘው ጥንካሬ ስለሌለው አረሩ ከጄልቲን (በሥጋ ምትክ ለሙከራ ከሚያገለግለው የረጋ ነገር) ይልቅ ርቆ ይሄዳል። ስለዚህ ውሃ አንዱን ጥይት ከሌላው ለማወዳደር ጥሩ ነው፣ በሥጋ ውስጥ ስንት እንደሚገባ ለመገመት ግን አያገለግልም።

እርጥብ ጋዜጣ ርካሽ ነው፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። 24 ሰዓት ይዘፈዘፍ፣ ግማሽ ሰዓት ይንጠፍጠፍ፣ ከዚያ በካርቶን ውስጥ ቢያንስ 80 ሴ.ሜ. ጥልቀት እስኪኖረው ተጠቅጥቆ ይታሰር። አንጸባራቂ የመጽሔት ወረቀት ውሃ በደንብ ስለማይጠጣ ይቅር። ብዙ ውጤት የሚያበላሸው መሃሉ ደረቅ የቀረ እስር ነው፤ አረሩ እዚያ ሲደርስ በድንገት ይቆማል፣ ተኳሹም ጥይቱ ደካማ ነው ብሎ ይደመድማል። ደረቅ ጣውላና አሸዋ ለዚህ ሥራ አይመከሩም። ጣውላ የአረሩን ጫፍ ቀዳዳ ይደፍንና እንዳይከፈት ያደርገዋል። አሸዋ ደግሞ ፈጣን አረርን ስለሚሰባብር ጥልቀቱ በጣም አጭር ሆኖ ይታያል።

አስተማማኙ 10 በመቶ ጄልቲን ነው። ጥንካሬው 250 ብሉም (የጄልቲን ጥንካሬ መለኪያ) የሆነ ዱቄት 1 ኪ.ግ. በ9 ኪ.ግ. ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ቀስ እየተባለ ይበተናል (ውሃውን በዱቄቱ ላይ ማፍሰስ እብጠት ይፈጥራል)፣ ሁለት ሰዓት ውሃውን እስኪጠጣ ይቆያል፣ ከዚያ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳያልፍ እየሞቀ ይሟሟል። እሳቱ ከበዛ ፕሮቲኑ ይፈርሳል፣ የረጋው ጄልቲን (ብሎኩ) ይለሰልሳል፣ ማንኛውም አረር ከሚገባው በላይ ይዘልቃል። ከዚያ በ4 ዲግሪ ቢያንስ አንድ ቀን ተኩል ይቀመጥ። ለጠመንጃ አንድ ብሎክ አይበቃም፤ ሁለት ተከታትለው ከ60 እስከ 70 ሴ.ሜ. ይሁኑ።

ከመተኮስ በፊት የብሎኩ ጥንካሬ ይፈተሽ፦ 4.5 ሚ.ሜ. የብረት ኳስ ከአየር ጠመንጃ በ180 ሜትር በሰከንድ ሲመታው 8.5 ሴ.ሜ. መግባት አለበት፣ አንድ ሴ.ሜ. ወዲህ ወዲያ። 11 ከገባ በዚያ ብሎክ የሚገኝ ቁጥር አይመዘገብም። ከማቀዝቀዣ ከወጣ በኋላም ቶሎ ይተኮስበት። ብርጭቆ የሚመስለው ሰው ሠራሽ ጄል በተራ የአየር ሙቀት አይለሰልስም፣ ተቀልጦም እንደገና ይሠራል፤ ቁጥሩን ግን ከ10 በመቶው ጋር በአንድ ሰንጠረዥ መጻፍ ስህተት ነው።

አሁን ወደ ፍጥነት። 150 ግሬይን (9.7 ግራም) የ.308 አረር ከአፈሙዝ በ860 ሜትር በሰከንድ ገደማ ይወጣል፤ 200 ሜትር ላይ ወደ 680 አካባቢ ይወርዳል። ተራው የእርሳስና የመዳብ ልባስ አረር በ30 ሜትር ሲመታ በኃይል ተከፍቶ ክብደቱን ስለሚጥል ብዙ ጊዜ ከ200 ሜትሩ ያነሰ ይዘልቃል። ይህን ያላየ ሰው ለማመን ይቸገራል። አሜሪካዊው አረር ሠሪ ጆን ኖዝለር በ1946 በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ አደን ላይ የገጠመው ይኸው ነበር፦ ፈጣን አረሩ በቅርብ ርቀት ሙስ (ትልቅ የአጋዘን ዝርያ) ላይ ተሰባብሮ ሳይዘልቅ ቀረ። በ1948 ለገበያ ያቀረበው ፓርቲሽን አረር መሃሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ ያለበት ለዚህ ነው፤ የፊቱ እርሳስ ቢጠፋ እንኳ የኋላው ይቀጥላል። ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራው ደግሞ ክብደቱን ሁሉንም ይዞ ሊቀር ጥቂት ነው የሚጎድለው፤ ግን ዝቅ ባለ ፍጥነት ላለመከፈት ይቀርባል።

የሩቁን ፍጥነት ለማግኘት ባሩድ ቀንሶ በቅርብ መተኮስን አንመክርም። ቀስ ብለው የሚነዱ ባሩዶች ከዝቅተኛ መጠናቸው በታች ሲሞሉ አደገኛ ግፊት ሊፈጥሩ ይችላሉ። ከዚህም ሌላ አረር በርቀት ፍጥነቱን ሲያጣ ሽክርክሪቱን ብዙም አያጣም፤ በቅነሳ ግን ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ። በእውነተኛው ርቀት መተኮስና ፍጥነቱን በክሮኖግራፍ (በአረር ፍጥነት መለኪያ) መያዝ ይሻላል።

አረሩ ሲገኝ በሙቅ ውሃ ታጥቦ እንደ ቅጠል በተዘረጋው የተከፈተ ጫፉ ውስጥ የተጣበቀው ይጸዳል፣ ከዚያ ይመዘናል። የቀረው ክብደት ለመነሻው ተካፍሎ በ100 ሲባዛ መቶኛው ይገኛል። ስፋቱ በካሊፐር (በስፋት መለኪያ መሣሪያ) በሰፊውና በጠባቡ በኩል ተለክቶ አማካዩ ይያዛል። የመነሻ ካሊበሩን (ከመተኮሱ በፊት የነበረውን ስፋት) ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ከሆነ አረሩ በደንብ ተከፍቷል።

መዘጋጀቱ ቤት ውስጥ ይሁን፤ ተኩሱ ግን በተፈቀደ የመተኮሻ ስፍራ፣ ከኋላ ከፍ ያለ የአፈር ግድብ ባለበት ብቻ ነው። ጀሪካንም ሆነ ጄልቲን አረርን የሚያቆም ግድግዳ ተደርጎ አይቆጠር፤ ከጎን የሚወጣ አረር ያጋጥማል። የዓይንና የጆሮ መከላከያ ይደረግ፣ እርሳስ ከተነካ በኋላ እጅ ይታጠብ። ከአንድ ዓይነት ጥይት ቢያንስ ሦስት ይተኮስ፤ ከመስመር የወጣው ከአማካዩ ይውጣ፣ በማስታወሻው ላይ ግን ምክንያቱ አብሮ ይጻፍ።