የጋሼ ፒያኖ ባስ ክር

ጎንደር ያለው የአጎቴ ፒያኖ ባሱ ከሞተ ቆይቷል። ሁለት ክር ተበጥሷል፤ የቀረው ሲመታ ጣሳ ጣሳ ይላል። «ጀርመን ተቀምጠህ እንዴት ክር ታጣለህ?» ይለኛል ጋሼ በስልክ።

ክሩማ ሞልቷል። ግን የባስ ክር እንደ ክራር ክር ከመደርደሪያ አንስተው የሚገዙት አይደለም። መሐሉ ጠንካራ ብረት ነው፣ ላዩ ላይ መዳብ ይጠመጠምበታል፤ ውፍረቱና ርዝመቱ ከኖታ ኖታ፣ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ለሁሉም ይሆናል ተብሎ የሚሸጥም አለ፤ ለጊዜው ያሻግራል እንጂ ድምፁ ከጎረቤቶቹ አይገጥምም።

የጋሼ ልጅ አዘዞ ካለ ጋራዥ ካሊፐር ተውሶ ለካልኝ። ለባስ ክር ግን የሚሊሜትር መቶኛ ስለሚቆጠር ልኬቱን አላመንኩትም። «አሮጌውን ፍታና ላክልኝ» አልኩት፤ ክር ሠሪዎችም የሚመርጡት ይህንኑ ነው። ሁሉንም በአንዴ እንዳይፈታ አደራ አልኩ፤ የአንድ ፒያኖ ክሮች ውጥረት ሲደመር ከ15 ቶን በላይ ነው፤ ብዙው ጫና ከፒያኖው አካል ላይ በአንዴ እንዲነሳ አልፈለግኩም። ደግሞም የታችኞቹ ኖታዎች አንድ አንድ፣ ከፍ ያሉት ሁለት ሁለት ክር ስላላቸው እንዳይደባለቁ እያንዳንዱ ላይ ቁጥር አሰረበት።

ከጎንደር ሰው ሲመጣ የለመድነው በርበሬና ሽሮ ነው። ያኔ የመጣችው እህታችን ከሻንጣዋ ያወጣችው ጥቅል የዛገ ሽቦ ነበር። ኤርፖርት ላይ ምን ብላ እንዳስረዳች እሷው ትንገራችሁ።

ጋሼ «ወፈር ያለ ይሁን፣ እንዲያስገመግም» ብሎ ነበር። እምቢ አልኩ። ክር ሲወፍር ለዚያው ቅኝት ውጥረቱ ይጨምራል፤ ያረጀ እንጨት ላይ ያን መጫን አልፈለግኩም። የመሐሉን ብረትም እንደ አሮጌው ክብ አስደረግኩት። ዛሬ የሚበዛው ባለ ስድስት ጎኑ ነው፤ ጠርዙ ጥምጥሙን ነክሶ ይይዛል፣ ግን ጋሼ የለመደው ድምፅ የክቡ ነው። ሁለቱን ብቻ መተካትም ይቻል ነበር። አዲስ ክር ከደነዘዘ ክር መሐል ብቻውን ይጮሃል ብዬ ባሱን ሙሉ አዘዝኩ። ኪሴ ተጎድቷል፣ አልዋሽም።

ሲገጠም እያንዳንዱ ክር በጥምጥሙ አቅጣጫ አንድ ዙር ተጠምዞ ነው ማሰሪያው ላይ የሚውለው፤ ካልሆነ ጥምጥሙ ላልቶ ሊንጫረር ይችላል። ይህን ለልጁ በቪዲዮ አሳየሁት።

አሁን የምንጨቃጨቀው በቅኝቱ ነው። አዲስ ክር እየተለጠጠ ስለሚወርድ ደጋግሞ መቃኘት አለበት። ጋሼ ክረምቱ ሳይገባ ይለቅ ይላል። እኔ ደግሞ በዝናቡ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ቅኝቱን ማዛባቱ ስለማይቀር፣ ዋናው ቅኝት ከመስቀል በኋላ ይሁን ባይ ነኝ።