የለገ ኦዳን ሥዕል ውሃ አታጠጡት

ከድሬዳዋ ተነስቶ የጥንቱን ሰው ዱካ ለማየት ሁለት ቀን ይበቃል። አንዱ ቀን ለፖርክ ኤፒክ ዋሻና ለሐርላ፣ ሌላው እንዳለ የዐለት ሥዕል ላለበት ለለገ ኦዳ ዋሻ። የመጀመሪያው ቀን ያለ ችግር አለፈ። ሁለተኛው ቀን የሆነው ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፖርክ ኤፒክ ከከተማው በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ባጃጅ እስከቻለ ያደርሳችኋል፣ የቀረው ዳገት ነው፤ ዋሻው ከወንዙ አሸዋ 140 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ ያዙ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሱ። ክረምት ከሆነ ከሰዓት በኋላ ወንዙ ውስጥ አትገኙ፤ ድሬ ላይ ፀሐይ እያቃጠለ ደጋው ላይ ከዘነበ ያ ደረቅ አሸዋ ጎርፍ ነው። የ1998ን ክረምት ለሚያስታውስ ሰው ይህ አይነገርም። ዋሻው ባዶ ነው ብላችሁ አትከፉ። ከውስጡ የወጣው 4,213 ቁራጭ ኦከር፣ ማለትም ብረት ያለበት ቀይና ቢጫ የቀለም ድንጋይ፣ 40 ኪሎ ግራም የሚመዝንና 40,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ፣ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ነው የሚገኘው።

ሐርላ ላይ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ፍርስራሽ ይታያል። ዶቃ ወይም አሮጌ ሳንቲም ግዙ የሚላችሁ ካለ እንዳትነኩ፤ የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ቀልድ አያውቅም።

ለገ ኦዳ ከድሬ በደቡብ ምዕራብ 38 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ ወረቀቱ፣ ማለትም የፈቃድ ደብዳቤው። እኔ የተሰጠኝ ደብዳቤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይል ነበር፣ መንገድ ላይ ደግሞ የሚመለከተው ሰው ጠፋ። የቦታው ስም፣ የቀበሌው ስምና ቀኑ ካልተጻፈበት ቢሮውን ለቃችሁ አትውጡ። ጸሐፊዋ «ይኼው ይበቃል» ብትልም አይበቃም። ግማሽ ቀን በላብኝ፤ ከዋሻው የደረስኩት ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። ያ ነው ሁሉንም ያበላሸው።

በዚያ ሰዓት ዐለቱ ያንጸባርቃል፣ ሥዕሉ ይጠፋል። በመቶ የሚቆጠሩ ምስሎች አሉ፤ ሻኛ የሌላቸው ከብቶች፣ ሰዎች፣ የዱር እንስሳት። ሳይ ግን የማየው የቆሸሸ ድንጋይ ብቻ ነበር። አብሮኝ የሄደው ልጅ የሀይላንዱን ክዳን ከፈተ። «አቦ፣ ካላራስነው እኮ አይታይም!» ረጨው። ቀዩ ወዲያው ደመቀ። እኔም፣ ነገሩን እያወቅሁ፣ ዝም አልኩ፤ ፎቶም አነሳሁ።

ጉዳቱ እንዲህ ነው። ውሃው የዐለቱን ጥቃቅን ቀዳዳ ስለሚሞላ ብርሃን አይበተንም፣ ቀለሙም ለጥቂት ደቂቃ ይጠቁራል። ግን የገባው ውሃ ድንጋዩ ውስጥ ያለውን ጨውና ኖራ ያሟሟል። ሲተን ይዞት ይወጣና ሥዕሉ ላይ ነጭ ሽፋን አድርጎ ይተወዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ሥዕሉ የባሰ ስለማይታይ ሌላው ጎብኚ የበለጠ ይረጫል። አቧራውም ጭቃ ሆኖ ይደርቅበታል። ቀዩ ቀለም ብረት ያለበት ድንጋይ ስለሆነ ፀሐይ በቀላሉ አያደበዝዘውም፤ የሚቀብረው ይህ ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ውስጥ ያለውን ዩራኒየም ለክቶ ዕድሜ ማውጣት ይቻላል፣ አዲስ ውሃ በገባ ቁጥር ግን ልኬቱ ይዛባል። ልጁን አልወቅሰውም፤ እሱ ጎብኚ ደስ እንዲለው ነው የሠራው። እኔ ነኝ መናገር የነበረብኝ።

አስጎብኚዎች ሁልጊዜ የሚያስጠነቅቁት ስለ ፍላሽ ነው። በእኔ እምነት ፍላሽ የሚያበላሸው ፎቶውን ነው፤ ድንጋዩን የሚጎዳው ጠርሙሱ ነው።

ያለ ውሃ እንዲህ ታያላችሁ። አንድ ሰው ነጠላ ዘርግቶ ይቁምላችሁ፣ ሥዕሉ ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ይግባ። ግማሹ ጥላ ግማሹ ፀሐይ ከሆነ ከንቱ ነው። ዓይናችሁ እስኪለምድ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። ከብቱን በቀንዱ ፈልጉት፤ ሰውነቱ ከጎን ሲሳል ቀንዱ ከፊት እንደታየ ሆኖ ነው የሚሳለው። ለቀለምና ለመጠን ማነጻጸሪያ ነጭ ወረቀትና የ10 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ከሥዕሉ አጠገብ ይያዝ፣ ዐለቱን ግን አይንካ። ፎቶውን በስልኩ ከፍተኛ ጥራት አንሱ፤ በቴሌግራም ስትልኩት እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ ካልሆነ የቀለሙ ልዩነት ይጨመቃል። ከዚያ ዲስትሬች (DStretch) የሚባለውን የፎቶ ቀለም ማጉያ ፕሮግራም ክፈቱ። ለዐለት ሥዕል ተብሎ የተሠራ ነው። ለቀይ ኤልአርኢ (LRE) ወይም ዋይአርኢ (YRE) የሚባለውን የቀለም ምርጫ ምረጡ፤ ዓይን የማያየውን ቀይ ያወጣዋል።

ከአስጎብኚው ጋር ደግሞ ዋጋ ስትነጋገሩ፣ ገና ከተማ እያላችሁ፣ «ውሃ አይረጭም» በሉ። ዋሻው ደጃፍ ደርሳችሁ ብትሉት የዘገየ ነው፤ ክዳኑ ተከፍቷል።

ቤት ገብቼ ሁለቱን ፎቶዎች፣ ደረቁንና የራሰውን፣ በዲስትሬች አሳለፍኳቸው። የራሰው ላይ ውሃው ስላንጸባረቀ የላሟ ወገብ የለም። ደረቁ ላይ ቀንዷም ጡቷም ቁልጭ ብሎ ይታያል።