ጥር@2016

ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ጨረታ ክፍል ውስጥ ይሠሩ ነበር። እኔ ደግሞ እዚያው ቤት አይቲ ነበርኩ። ፓስወርድ በየ90 ቀኑ መቀየር ግዴታ ነበር፤ ቀኑን ጠብቆ የሚቀይር ሰው ቢፈለግ እሳቸው ናቸው። ሌላው ሲስተሙ እስኪያግደው ቁጭ ይልና «ኧረ ክፈትልኝ» ብሎ ይደውላል።

አንድ ሰሞን ጨረታ ላይ አንድ ተወዳዳሪ ከእኛ ዋጋ ትንሽ ዝቅ እያለ ያሸንፍ ጀመር። አንዴ ቢሆን አጋጣሚ ይባላል። ሲደጋገም ሥራ አስኪያጁ የኢሜይል ሰርቨሩን ሎግ፣ ማለትም ማን መቼ እንደገባ የሚያሳየውን መዝገብ፣ አምጡ አሉ።

የእትዬ አካውንት ማታ ማታ፣ 4 ሰዓት አካባቢ፣ ከቢሮ ውጭ ይከፈታል። እትዬ በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ላይ ናቸው። «ለማንም አልሰጠሁም» ብለው ማሉ፤ አመንኳቸው። ግን ሎጉ ላይ አንድ የማትዋጥ ነገር ነበረች። ጥር ውስጥ 90 ቀናቸው ደርሶ ጠዋት ፓስወርድ ቀየሩ። ማታ ያ ሰው መጣ። አንዴ ተሳሳተ፤ ደቂቃ ሳይሞላ ገባ። ኮምፒውተራቸው ላይ የሚተይቡትን የሚሰልል ፕሮግራም ቢኖር ኖሮ መጀመሪያም ባልተሳሳተ።

«እትዬ፣ ፓስወርድዎ የወር ስም ነው እንዴ?»

«በማርያም! ማን ነገረህ?»

«ጥር»ን በላቲን ፊደል ጻፉት። የመጀመሪያዋን ትልቅ ፊደል አድርጉ፣ @ ጨምሩ፣ 2016 ጨምሩ። ድፍን ስምንት ቁምፊ። ትልቅ ፊደል፣ ትንሽ ፊደል፣ ቁጥር፣ ምልክት፤ ሕጉ የጠየቀው አንድም አልጎደለም። 90 ቀን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ልክ ሦስት ወር ነው። ጥቅምት፣ ጥር፣ ሚያዝያ፣ ሐምሌ። ትንሽ የምታዛንፈው ጳጉሜን ብቻ ናት።

አጠገባቸው ይሠራ የነበረ ልጅ ኅዳር ላይ ለቋል። የራሱ አካውንት በለቀቀበት ዕለት ተዘግቷል። ድሮ ግን እትዬ ስብሰባ ሲገቡ ደውለው «ልጄ፣ በእኔ ግባና ያንን ፋይል ላክልኝ» ይሉት ነበር። የጥቅምቱን ያየ ሰው የጥሩን ለማወቅ ካሌንደር ይበቃዋል። ሎጉ ላይ የታየው ስልክም ልጁ በፊት የራሱን ኢሜይል ይከፍትበት የነበረው ሆኖ ተገኘ። ጉዳዩ ወደ ሕግ ክፍል ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእኛ ሥራ አልነበረም።

ሁሉም እትዬን ወቀሰ። ስማቸው ያለ አግባብ ተነሳ ባይ ነኝ። በየሦስት ወሩ አዲስ ነገር ፈልስፉ የተባለ ሰው ሌላ ምን ያድርግ? ይህን ዓይነት ሕግ ካስፋፉት ሰነዶች አንዱን እ.ኤ.አ. በ2003 የጻፈው ቢል በር የሚባል የአሜሪካ የስታንዳርድ ተቋም ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ራሱ ብዙውን እንደሚጸጸትበት ተናግሯል። በዚያው ዓመት ተቋሙ፣ ኒስት ይባላል፣ ፓስወርዱ መውጣቱ ካልታወቀ በቀር ሰውን በቀን ቆጠራ አታስቀይሩ ሲል መመሪያውን አሻሻለ። ከዚያ በፊትም በ2010 የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የድሮ ፓስወርድ ይዘው አዲሱን ሲገምቱ፣ ከመቶ 17 ያህሉን አካውንት ከአምስት ባነሰ ሙከራ ያገኙት ነበር። የእኛ ሲስተም የሚቆልፈው ስንተኛው ላይ እንደነበር ልንገራችሁ? አምስተኛው ላይ።

90 ቀኑን አነሳነው። በምትኩ ፓስወርዱ ቢያንስ 15 ቁምፊ እንዲሆን አደረግን። ከቢሮ ውጭ ለሚገባ ሰው ስልኩ ላይ ያለው አፕ የሚያወጣው ኮድ ግዴታ ሆነ። ስብሰባ የሚበዛባቸው ሰዎች ፋይላቸውን ሌላው በራሱ አካውንት እንዲያይ ፈቃድ ይሰጣሉ፤ «በእኔ ግባ» የሚባል ነገር ቀረ። የወር ስሞችንም ከለከልን። የከለከልን ዕለት ስልካችን አላረፈም። ለካ ግማሹ ቢሮ በካሌንደር ነበር የሚኖረው! ፋይናንስ ክፍል ጭራሽ «ታዲያ ምን እናድርግ?» ብሎ ተሰብስቦ መጣ።

እትዬ አዲሱን ሲተይቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ረጅም መሆኑን ግን ከዚያ አውቃለሁ።

ያልተዋጠለት ኦዲተሩ ነው። «የ90 ቀን ቅያሬ አይተገበርም» ብሎ ሪፖርቱ ላይ በጉድለት መዘገበው። በዓመቱም መጥቶ ያንኑ ጻፈ። ሥራ አስኪያጁም የኒስትን መመሪያ አያይዘው ያንኑ መልስ ላኩለት።